ማዶ ያልታየባቸው ጠዋቶች

በሊሌ መንደር አሥራ አንድ ቤት አለ፤ ከአሥራ አንዱ ቀድሞ የሚከፈተው የኦቲልያ ናዌልኪን በር ነው። ዝናብም ይሁን ማዕበል፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የባሏን ሰፊ ቦት ጫማ አጥልቃ ትወጣለች። መጀመሪያ ከአጥሩ ጥግ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ታነባለች። ቀጥላ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በጉንጯ ትለያለች። በመጨረሻም ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ከወሽመጡ ባሻገር ያለችውን ትልቋን ደሴት ትፈልጋለች። ከዚያ ወደ ኩሽናዋ ተመልሳ፣ ምድጃው ላይ እንጨት ጨምራ፣ ደብተሯን ትከፍትና የመንደሩን አየር አስፍራ ከሁለት አንዱን ትጽፋለች፤ «ማዶ ታየ» ወይም «ማዶ አልታየም»።

ይህን ሥራ የያዘችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ሰውዬ በቺሎዌ ትንንሽ ደሴቶች እየዞረ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ሲፈልግ መምህሩ እሷን ጠቆሙት። ደሞዝ የለውም። በዓመት አንድ ጊዜ የመርከብ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ይላክላታል፤ እሱም የሚደርሰው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። «ኦቲልያ ካልጻፈችው ዝናቡ አልዘነበም» እያሉ ጎረቤቶቿ ሲቀልዱባት አርባ ዓመት ሆናቸው። እሷ ግን አንድም ቀን አልዘለለችም፤ ሴት ልጇን ባማጠችበት ጠዋት እንኳ አዋላጇን «እስቲ ውጪ፣ ማዶ ይታያል?» ብላ ልካታለች።

ሊሌ የጀልባ ማቆሚያ የለውም። ያለው ወደ ባሕሩ የሚወርድ የሲሚንቶ መንደርደሪያና ከጎኑ የተተከለ ረጅም እንጨት ነው። ተሳፋሪ ያለ ቀን እንጨቱ ላይ ጨርቅ ይሰቀላል። ነጭ ጨርቅ ጎሎንድሪናን ይጠራል፤ ጎሎንድሪና በየጠዋቱ የደሴቲቱን ዳር ዳር ይዛ የምታልፈው የካፒቴን ቤላርሚኖ ጀልባ ናት። ቀይ ጨርቅ ደግሞ በወሽመጡ ማዶ በኩል የሚሄደውን የትልቁን ኩባንያ ጀልባ ይጠራል። የሊሌ ሰዎች ከድሮም ሁለቱንም ነው የሚሰቅሉት። ቤላርሚኖ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሰው በሱ ይሳፈራል፣ ሁለቱም ጨርቆች ይወርዳሉ፤ የማዶውም ካፒቴን ቀዩ መውረዱን በመነጽር አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ኦቲልያ ልጅ ሳለች ለምን ሁለት እንደሚሰቀል እናቷን ጠይቃት ነበር። «ነጩ ብቻውን እንዳይሆን» አለቻት እናቷ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

ባሏ ሬሚሂዮ በጉልበቱ ዘመን እየጠለቀ ከባሕር ወለል ዛጎል የሚለቅም ሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ካስትሮ ከተማ ተሻግሮ ደሙን በመሣሪያ ያሳጥባል። አንድ ቀን ከዘለለ እግሩ ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከዘለለ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሦስተኛውን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከቤታቸው እስከ ባሕሩ ያለውን ቁልቁለት ጤነኛ ሰው በአምስት ደቂቃ ይወርደዋል። ሬሚሂዮ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እሱም በየአጥሩ እየቆመ የጎረቤት በግ የሚመረምር እየመሰለ ነው።

ቤላርሚኖ ግን ይጠብቀዋል። ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው ነው። ተሳፋሪው ቢነጫነጭም ሞተሩን ዝቅ አድርጎ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ሃያ ደቂቃ ይቆማል። ኦቲልያ ለዚህ ሰው ያላት ምስጋና ወሰን የለውም። በየሳምንቱ በጭስ የደረቀ ዛጎልና ከድንች የተጋገረ ትኩስ ሚልካኦ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ማታ ስትጸልይም ስሙን ከቅዱሳኑ ቀጥላ ትጠራዋለች፤ የገዛ ወንድሞቿ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጡት።

አንድ እሁድ ቤላርሚኖ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ቤታቸው መጣ።

«አበልጄ፣ ጉልበቴ አለቀ» አለ መራራውን የማቴ ሻይ እየተቀበላት። «ልጆቹ እንደሆነ ዓሣ እርባታው ጋ ተቀጥረዋል፣ ጀልባ የሚለኝ የለም። የማዶው ኩባንያ ጎሎንድሪናን ከነመስመሯ ልግዛህ ብሎኛል።»

«እና ማን ሊነዳት ነው?»

«እነሱ ሰው ያስቀምጣሉ። ስለ ሬሚሂዮ አታስቢ፣ አደራ ብያቸዋለሁ።»

ሬሚሂዮ ከምድጃው ጥግ ሆኖ «አደራውን የተቀበለው ማን ይባላል?» አለ።

«ስሙ ጠፋኝ። አንድ ጎረምሳ ነው፣ ክራባት ያሰረ።»

«ክራባት ካሰረማ እፎይ ብለን እንተኛ!»

ቤላርሚኖ ሳቅ አለና ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ውስጥ፣ ድርጅቶች ሲዋሃዱ ሕዝብ እንዳይጎዳ የሚመረምር መሥሪያ ቤት አለ፤ ሽያጩ እሱ ሳይፈቅድ አይጸናም። የኩባንያው ጠበቆች ሁለቱ ጀልባዎች ከመጀመሪያውም ተፎካካሪ አይደሉም ነው የሚሉት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ባለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ከሊሌ አንድም ሰው በማዶው ጀልባ ተሳፍሮ አያውቅም።

ኦቲልያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እውነት ነው። እንዲያውም እውነት መሆኑ ደስ አላት፤ መንደሩ ለአበልጇ ምን ያህል ታማኝ እንደሆነ በጽሑፍ የተመሰከረ መሰላት። ባማረ ጽሕፈቷ ፈረመች፤ ከዚያም ወረቀቱን ይዛ አሥሩን ቤት ዞራ አስፈረመችለት። ጀልባው ሊሌ መቆሙን ቢተው ሬሚሂዮ ወይ እንደሚሞት ወይ ቤቱን ዘግቶ ካስትሮ ኪራይ ቤት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ፊርማዋ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

ከወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ማይቴ ኢባካቼ የምትባል ሴት ከዚያው መሥሪያ ቤት መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሕሩ ስላናወጣት ፊቷ ጎመን መስሏል፤ ጫማዋም ለሊሌ ጭቃ ሳይሆን ለቢሮ ምንጣፍ የተሠራ ነው።

«ዶኛ ኦቲልያ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ግቢ፣ ልጄ፣ በቁምሽ ሳትወድቂ።»

ካልሲዋን አስወልቃ ምድጃው ላይ ሰቀለችላት፤ ሾርባ ሰጠቻት። ልጅቷ ነፍሷ መለስ ሲል የመጣችበትን ተናገረች። ሁለት ድርጅቶች አንድ እንሁን ሲሉ፣ ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን በቁጥር ታሰላለች፤ እንጀራዋ ይሄው ነው።

«በቁጥር?» አለ ሬሚሂዮ። «እኛን ሳታዪን?»

«አላወቅሁም ነበር፣ ዶን ሬሚሂዮ። ቁጥሩ እምቢ ሲለኝ ነው የመጣሁት።»

እምቢ ያላት ነገር ይህ ነበር። እያንዳንዱ ጀልባ የት እንዳለ በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ አለበት። መዝገቡን ስታየው፣ ጎሎንድሪና ከተራራው አፍንጫ ጀርባ ባለችው በፑኬ መንደር ሁልጊዜ የምትቆመው ሦስት ደቂቃ ነው። ሊሌ ላይ ግን አሥራ አምስት።

«ለሬሚሂዮ ብሎ ነዋ!» አለች ኦቲልያ በኩራት።

«እኔም እንደዛ ብዬ ነበር። ግን ፑኬም በከዘራ የሚሄዱ አሮጊት አሉ፣ አይጠብቃቸውም። ደግሞ ሊሌም ላይ አንዳንድ ቀን፣ ሰኞም ረቡዕም ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። ምን እንደሚለያቸው ሁለት ወር ፈለግሁ። ነፋስ አይደለም፣ በዓል አይደለም፣ የተሳፋሪ ብዛት አይደለም። አለቃዬ ተይው ብሎኛል። እናንተም ፈርማችኋል፤ በማዶው ጀልባ የተሳፈረ የለም፣ ስለዚህ ፉክክር የለም ነው የሚባለው።»

«የተሳፈረማ የለም» አለች ኦቲልያ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ማይቴ የተዋሰችውን ቦት ጫማ እየጎተተች ሬሚሂዮን ልትሸኝ አብራ ወረደች። ቤላርሚኖ እንደ ልማዱ ቆሞ ጠበቀ፤ ሬሚሂዮም እየተሳደበና እየሳቀ ገባ። ኦቲልያ ከእንጨቱ ላይ ጨርቆቹን ስታወርድ ልጅቷ ትኩር ብላ እያየቻት ነበር።

«ሁለት ነው የሚሰቅሉት?»

«አዎ።»

«ቀዩ የምንድን ነው?»

«የማዶው ጀልባ።»

«ማንም የማይሳፈርበትን ጀልባ ለምን ይጠራሉ?»

ኦቲልያ የእናቷን መልስ ሰጠቻት። ማይቴ ዞራ ወሽመጡን አሻግራ አየች፤ ከዚያ የተራራውን አፍንጫ፤ ከዚያ እንደገና ማዶን። ከፑኬ ሆኖ ማዶ አይታይም፤ ተራራው ይከልለዋል። ቀይ ጨርቅ ፑኬ ላይ ቢሰቀልም የሚያየው የለም።

«ከዚህስ ማዶ ሁልጊዜ ይታያል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ የት! እዚህ ፀሐይ ወጥቶ እዚያ ጉም የሚተኛበት ቀን ስንት አለ።»

«የትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አይኖርም።»

ኦቲልያ ትንሽ ቅር አላት። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ማንም አያውቅም መባሉ ከነከናት። «ነይ ተከተይኝ» አለችና ሽቅብ ወጣች። ከአልጋው ሥር የእንጨት ሣጥን ጎትታ አውጥታ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ስድስት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ማይቴ የላይኛውን ገለጠች። «ማዶ ታየ። ማዶ ታየ። ማዶ አልታየም፣ እዚህ ጠርቷል። ማዶ ታየ።» ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦቲልያ ደንግጣ ውኃ ልታመጣላት ተነሳች።

ሁለት ቀን ሠሩ። ኦቲልያ ታነባለች፣ ማይቴ ወደ ኮምፒውተሯ ታስገባለች። ሬሚሂዮ ዓርብ ከካስትሮ ሲመለስ «ቅዳሴው ገና አላለቀም?» እያለ ድንች ቀቀለላቸው። እዚህም ጉም የነበረበትን ጠዋት ሁሉ ማይቴ ከስሌቱ አወጣችው፤ ያን ቀን መቸኮል ለጥንቃቄ ነው ሊባል ይችላልና። የቀረው እዚህ የጠራበት ጠዋት ብቻ ነው፤ ሬሚሂዮ የሄደባቸው ስምንት መቶ ሃያ ሦስት ጠዋቶች።

«አሁን እያንዳንዱ ጠዋት አንድ ነጥብ ነው» አለች ማይቴ። «ብዙ የጠበቀበት ከላይ፣ ቶሎ የሄደበት ከታች።»

የኮምፒውተሯ ስክሪን ላይ ነጥቦቹ ወጡ። አብዛኞቹ ከላይ ተሰብስበው፣ ጥቂቶቹ ከታች ተበትነው ይታያሉ። ኦቲልያ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ስድስት ዓመቷ እዚያ ነበር። ልጇ ካናዳ የሄደችበት ጠዋት ከነጥቦቹ አንዱ ነው፤ ሬሚሂዮ ይሞትብኛል ብላ የፈራችበት ሳምንት ከነጥቦቹ ሦስቱ ናቸው።

«አሁን ደግሞ ማዶ ያልታየባቸውን ብቻ ቢጫ ላድርጋቸው።»

አንዲት ቁልፍ ነካች። ከታች ያሉት ነጥቦች አንድ በአንድ ሳይሆን ባንዴ ቢጫ ሆኑ። መቶ አርባ አንድ ነበሩ። ከላይ አንድም ቢጫ የለም ማለት ይቻላል፤ ከታችም ቢጫ ያልሆነ አልቀረም ማለት ይቻላል።

ኦቲልያ አማተበች። ፍርሃት ነበር፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቅዱሳን ምስል ተሸክመው ሲያልፉ የሚሰማት ዓይነት። በየጠዋቱ ቦት ጫማ አጥልቃ የጻፈቻቸው ሁለት ቃላት፣ ማንም የማያነባቸው፣ እሷ ራሷ ጽፋ የምትረሳቸው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ሲናገሩ ኖረዋል። የተናገሩትም ስለ ጉም አልነበረም።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አለች፤ ገብቷት ነበር።

«የማዶው ጀልባ ቀዩን ማየት በሚችልበት ቀን ካፒቴኑ ይጠብቃል። ጥሎ ቢሄድ ያ ዞሮ ይመጣና ዶን ሬሚሂዮን ይወስዳል፤ ነገ ደግሞ መንደሩን በሙሉ። ማየት በማይችልበት ቀን አይጠብቅም።»

«ቤላርሚኖ? አበልጄ?»

«ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፣ ዶኛ ኦቲልያ።» ልጅቷ ቃል መረጠች። «ሳይታወቀው ሊሆን ይችላል። እኔ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ከማዶ የሚያየው ዓይን አይኖርም። ሁሉም ቀን ማዶ ያልታየበት ቀን ይሆናል።»

ሬሚሂዮ ድንቹን የሚያማስልበትን ማንኪያ አቆመ። ማይቴ ወደ እሱ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በእነዚህ መቶ አርባ አንድ ቀናት ጀልባው የቆመው ሦስት ደቂቃ ነው። እርስዎ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብዎታል። የካስትሮ መዝገብ ግን አንድም ቀን አልቀሩም ይላል። እንዴት ደረሱ?»

«እሷን ጠይቂያት» አለ ሬሚሂዮ። «አንዳንድ ቀን ከሰዓቴ በፊት ብርድ ልብሱን ገፋ ታደርግና በግድ ታስወጣኛለች። ለምን ስላት፣ ዝም ብለህ ተነስ ነው መልሷ።»

ኦቲልያ እንዲህ ባለ ጠዋት የምታደርገው ትዝ አላት። ማዶ አልታየም ብላ ትጽፋለች፤ ደብተሩን ትዘጋለች፤ ሄዳ ሬሚሂዮን ትቀሰቅሰዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ። በመጀመሪያው ክረምት እንዲህ ባለ ጠዋት ጎሎንድሪና ልትሄድ ስትል ሬሚሂዮ ለጥቂት ነበር የደረሰባት፤ ከዚያ ወዲህ ለምን እንደምትቀሰቅሰው አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እጇ የሚያውቀውን አፏ ሳያውቅ፣ በዚያው እጇ ለቤላርሚኖ ሚልካኦ ስትጠቀልል ኖራለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ የምታለቅሰው በአበልጇ ይሁን በራሷ ለመለየት አቃታት።

መሥሪያ ቤቱ ሽያጩን ተቃውሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ችሎቱ የተሰየመው በታኅሣሥ ነው። ምስክሮቹ በምስል እንዲናገሩ ተፈቀደ፤ በደሴቲቱ ላይ ደህና ኢንተርኔት ያለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ምስክሮች አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ወጥቶ ተቀመጡ። ቤላርሚኖ በአንደኛው ግድግዳ፣ ኦቲልያ በሌላው። ሰላም አልተባባሉም። ማይቴ ከሳንቲያጎ ሆና ነጥቦቹን አሳየች፤ ቢጫዎቹ ሲታዩ ከኋላ የቆመው መንደርተኛ «ወይ ጉድ!» አለ። ቤላርሚኖ ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ።

ቀጥሎ የኩባንያው ጠበቃ ኦቲልያን ጠየቃት።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ሐሰት ነው የፈረሙት?»

«እውነት ነው የፈረምኩት። ማንም ተሳፍሮ አያውቅም።»

«ማንም የማይሳፈርበት ጀልባ ቢኖር ባይኖር ታዲያ ምንዎ ነው?»

«እኔማ አልተሳፈርኩበትም» አለች ኦቲልያ። «እሱን ቤላርሚኖን ጠይቁት። በየጠዋቱ ያንን ጀልባ ሲያይ የኖረው እሱ ነው።»

የመሃል ዳኛዋ ቤላርሚኖን ጠሩት። ቆቡን እያሻሸ ተነሳ።

«ካፒቴን፣ ማዶ ያልታየ ቀን ቶሎ እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እመቤቴ። ጠዋት ብትጠይቁኝ በእናቴ አጥንት እምልላችሁ ነበር፤ የምጠብቀው ሬሚሂዮን ስለምወደው ነው ብዬ።»

«አሁንስ?»

ቤላርሚኖ ነጥቦቹ ወደታዩበት ስክሪን ቀና አለ። «እወደዋለሁ» አለ። «ግን አሁን አልምልም።»

ፍርዱ በመጋቢት መጨረሻ በሬዲዮ ተሰማ። ኩባንያው ጎሎንድሪናን መግዛት አይችልም። መንደሩ በግ አረደ፤ ኦቲልያ ግን ሥጋው አልጣፈጣትም። ቤላርሚኖ በታመመ ጉልበቱ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ማዶ ይታያል፤ ይጠብቃል፤ ወደ እሷ ግን አያይም። የጠቀለለችለትን ሚልካኦ ሁለት ጊዜ አልቀበልም ስላላት ተወችው። የሰው ልብ ልክ ያለው አይመስላትም ነበር፤ አሁን የአበልጇን ልብ በደቂቃ ለክታ ማየቷ ኃጢአት የሠራች ያህል ከበዳት።

በሚያዝያ አንድ ረቡዕ በሯን ስትከፍት እዚህ ጠርቷል፤ ማዶ ግን ነጭ ጉም ተኝቶበታል። ከችሎቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጻፈችው። ከዚያ ሄዳ ሬሚሂዮን ቀሰቀሰችው።

«ገና ነው እኮ» አለ። ቀጥሎ ፊቷን አየና ገባው። «አልታየም?»

«አልታየም።»

ሬሚሂዮ እየለበሰ አሰበ። «እንግዲያው ቶሎ እንውረድ። መረብ ማስቀመጫው ጎጆ ውስጥ እደበቃለሁ።»

«አብደሃል እንዴ?»

«ከጀልባው አሥር እርምጃ ነው። ሞተር ሲያስነሳ እወጣለሁ። እኔም ማወቅ አለብኝ፣ ኦቲልያ። ሞትኩም ዳንኩም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጎሎንድሪና አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። ሦስት ሰዎች ተሳፈሩ። ኦቲልያ ከሁለቱ ጨርቆች ሥር ቆማለች፤ እጇ ላይ የሬሚሂዮ የድሮ የመጥለቂያ ሰዓት አለ። ቤላርሚኖ ቁልቁለቱን አየ፤ ባዶ ነው። ማዶን አየ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ደቂቃ እጁ ወደ ሞተሩ ማንሻ ሲሄድ በዓይኗ አየችው።

እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ቤላርሚኖ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። ከዚያ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ካፒቴን፣ አንሄድም እንዴ? ቀጠሮ አለኝ!» አለች አንዲት የፑኬ ሴት።

«ሬሚሂዮ አልመጣም።»

«ቢቀርስ?»

«አልመጣም አልኩሽ እኮ!»

አምስት ደቂቃ ሆነ፤ አሥር። የባሕር ወፎቹ መንደርደሪያው ላይ ወረዱ። አሥራ አምስት። ኦቲልያ የሰዓቱ ቆጣሪ ደበዘዘባት። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ የጎጆው በር ተበረገደና ሬሚሂዮ ትከሻው ላይ የመረብ ቁራጭ እያንጠለጠለ፣ እንባውና ሳቁ ተደበላልቆ ወጣ።

«አንተ ሌባ! እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸ ቤላርሚኖ።

ቤላርሚኖ ወደ ኦቲልያ ዞረ፤ ሰዓቱን እጇ ላይ አየ፤ ገባው። ፊቱ ቀላ። ሊሳደብ ነው ብላ ጠበቀች።

«ስንት ሆነ?» አላት።

«አሥራ ሰባት።»

«በይ ጻፊው እንግዲህ» አለና ሬሚሂዮን ክንዱን ይዞ አስገባው። «ደግሞ ያ ሚልካኦ የት ገባ? ከችሎቱ ወዲህ የሱቅ ዳቦ ነው የምበላው።»

ኦቲልያ ቤት ተመልሳ ደብተሩን ከፈተች፤ ከ«ማዶ አልታየም» ጎን አዲስ መስመር አስምራ «ጠበቀ፣ 17» ብላ ጻፈች። ማይቴ ስትሰናበታት ያለቻት ነገር ትዝ አላት፤ አንድ ጠዋት ምንም አይናገርም፣ ብዙ ጠዋት መደርደር ነው። ዓርብም ማዶ አልታየም።

«ተኝቼ ልቆይ» አለ ሬሚሂዮ። «ይጠብቀኛል እኮ።»

«የጠበቀህ አንድ ቀን ብቻ ነው። ተነስ!» አለችና ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

ክረምቱ ገባ፤ ጉሙም በረከተ። ማዶ ባልታየ ቁጥር ሬሚሂዮ ቀድሞ ወርዶ ለጥንቃቄ ጎጆው ውስጥ ይቆያል፤ አዲሱ መስመርም በየሳምንቱ ወደ ታች ረዘመ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ። በነሐሴ አጋማሽ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ሞላ፤ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በታች የወረደ የለም። በሃያኛው ማዶ ያልታየበት ጠዋት ኦቲልያ ጻፈች፤ ደብተሩን ዘጋች፤ እንደ ልማዷ ወደ አልጋው ሄዳ እጇን ዘረጋች። ሬሚሂዮ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጋ አለበሰችውና ለማቴው ውኃ ልትጥድ ወደ ኩሽና ተመለሰች።